ከአንድ ቅጠል እስከ መላው ምድር፤ የዕፅዋት የካርቦን ሒሳብና የፕሮፌሰር ክሪስቶፈር ፊልድ ምርምር

«ዛፍና ሣር ካለ አየሩ ራሱን ያጠራል፤ ስለዚህ ከፋብሪካና ከመኪና የሚወጣው ጢስ ይህን ያህል ሊያሳስበን አይገባም» የሚል አሳብ በተማሪዎች መካከል ሲነገር ደጋግመን ሰምተናል። አሳቡ ጨርሶ ሐሰት አይደለም። ዕፅዋት ከአየር ውስጥ ካርቦን መውሰዳቸው የታወቀ ነው። ነገር ግን «ይወስዳሉ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «ምን ያህል ይወስዳሉ? እስከ መቼ ይወስዳሉ? ምን ሲጎድልባቸው ይደክማሉ?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የፊተኛውን ማንም ሰው ሊናገረው ይችላል። የኋለኛውን ለማወቅ ግን መመዘንና መቁጠር ያስፈልጋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚህ ሚዛን ላይ ዕድሜያቸውን ያሳለፉትን የአንድ ሊቅ የምርምር ጉዞ ለአንባቢያን መግለጥ ነው። እኚህ ሰው አሜሪካዊው የኤኮሎጂ ሊቅ ፕሮፌሰር ክሪስቶፈር ፊልድ ናቸው። እርሳቸውን የመረጥንበት ምክንያት ምርምራቸው ከአንድ ቁጥቋጦ ቅጠል ተነሥቶ መላውን ምድር ወደ መመዘን የደረሰ ስለ ሆነ፣ መንገዱም ከታች ወደ ላይ ደረጃ በደረጃ የሚታይ ስለ ሆነ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

፩. ካርቦን በዕፅዋት ውስጥ እንዴት ይዘዋወራል?

ወደ ሊቁ ሥራ ከመግባታችን በፊት ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ይገባናል። በአየር ውስጥ ካሉት ጋዞች አንዱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ብዙ ሰው «የተቃጠለ አየር» የሚለው ማለት ነው። መጠኑ እጅግ ጥቂት ነው። ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ ውስጥ 280 እጅ ያህል ነበር። በ1958 በሃዋይ ደሴት በማውና ሎአ ተራራ ላይ የዘወትር ልኬት ሲጀመር 315 ያህል ሆኖ ተገኘ፤ በ2024 ደግሞ ከ420 አልፏል። ይህ ጋዝ ከምድር ወደ ጠፈር የሚወጣውን ሙቀት ይዞ ስለሚያስቀር፣ በበዛ ቁጥር ምድር እየሞቀች ትሄዳለች።

ተክል ይህን ጋዝ በቅጠሉ ላይ ባሉት በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች በኩል ያስገባዋል። ከሥሩ ከሚመጣው ውሃ ጋር በፀሐይ ብርሃን ኀይል አዋሕዶ ስኳር ይሠራበታል፤ ፎቶሲንተሲስ የሚባለው ይህ ነው። ከስኳሩም ቅጠል፣ ግንድ፣ ሥርና ፍሬ ይገኛል። ይሁን እንጂ ተክሉ ራሱ ስለሚተነፍስ ከሠራው ከፊሉን ለኑሮው ያቃጥለዋል። ከዚያ የሚተርፈው የተጣራ ምርት ይባላል። የተጣራውም ምርት ቢሆን እንዳለ አይቀመጥም። ከብትና ተባይ ይበላዋል፤ የረገፈው ቅጠል በአፈር ውስጥ ይበሰብሳል፤ እሳትም ያገኘዋል። በዚህ ሁሉ መንገድ ካርቦኑ ተመልሶ ወደ አየር ይወጣል።

እንግዲህ በገበያ ቀን በነጋዴ እጅ የሚያልፈው ገንዘብ ሁሉ ትርፍ እንዳይደለ፣ በዕፅዋት ውስጥ የሚያልፈውም ካርቦን ሁሉ ተቀማጭ ሀብት አይደለም። ብዙው ይገባል፣ ይወጣል፤ በግንድ፣ በሥርና በአፈር ውስጥ ለብዙ ዘመን የሚቆየው ጥቂቱ ነው። ከዚህ በታች የምናቀርባቸውን ቁጥሮች አንባቢ በዚህ ምሳሌ እያመዛዘነ እንዲያያቸው እንለምናለን።

፪. አንድ ቁጥቋጦና አንድ ጥያቄ

ክሪስቶፈር ፊልድ የተወለዱት በ1953 ነው። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ አጥንተው በ1975 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ከዚያም ወደ ካሊፎርኒያ ሄደው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ታዋቂ በሆኑት የዕፅዋት ኤኮሎጂ ሊቅ በሃሮልድ ሙኒ መሪነት ምርምር አድርገው በ1981 የዶክትሬት ማዕርግ አገኙ። ከ1984 ጀምሮም በካርኔጊ የሳይንስ ተቋም ሠርተዋል።

በወጣትነታቸው ያነሡት ጥያቄ ለሰሚው ትንሽ ይመስላል። ይኸውም በአንድ ቁጥቋጦ ላይ ያሉት ቅጠሎች ስለ ምን እኩል አይሠሩም? የሚል ነው። ለዚህ የመረጡት ሌፔቺኒያ ካሊሲና የተባለውን፣ በካሊፎርኒያ ኮረብታዎች ላይ የሚበቅለውን፣ በበጋ ድርቅ ጊዜ ቅጠሉን የሚያረግፈውን ቁጥቋጦ ነበር። በጫፍ ያለው ለጋ ቅጠል ፀሐይ ያገኛል፤ ከታች ያለው አሮጌ ቅጠል በላይኞቹ ተጋርዶ በጥላ ይኖራል። ፊልድ በእያንዳንዱ ቅጠል ውስጥ ያለውን ናይትሮጅንና ቅጠሉ የሚወስደውን ካርቦን ጎን ለጎን መዘኑ።

ናይትሮጅንን ያነሡበት ምክንያት ይህ ነው። ካርቦንን ከአየር የሚይዙትና ብርሃንን የሚቀበሉት የቅጠል ክፍሎች የሚሠሩት በአብዛኛው ከፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲንም ያለ ናይትሮጅን አይሠራም። በቅጠል ውስጥ ካለው ናይትሮጅን አብዛኛው የሚውለው ለዚሁ ሥራ ነው። ናይትሮጅን ደግሞ በአፈር ውስጥ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ተክሉ ጥቂት ፍግ ብቻ እንዳለው ገበሬ ነው። ብልህ ገበሬ ያለውን ፍግ በማሳው ሁሉ ላይ እኩል አይበትነውም፤ ይበልጥ ምርት በሚሰጠው ቦታ ላይ ያደርገዋል።

ፊልድ ያገኙት ውጤት ቁጥቋጦውም እንደዚሁ እንደሚያደርግ ነው። ቅጠሉ ሲያረጅና ጥላ ሲወድቅበት ተክሉ ናይትሮጅኑን ከዚያ አውጥቶ ፀሐይ ወዳለበት ወደ አዲሱ ቅጠል ያዛውረዋል። በ1983 ባሳተሙት ጽሑፍ ክፍፍሉ በጠቅላላው የላቀውን ካርቦን ከሚያስገኘው ክፍፍል ጋር የተቀራረበ መሆኑን በሒሳብ አሳዩ። በ1986 ደግሞ ከመምህራቸው ከሙኒ ጋር ሆነው በናይትሮጅንና በፎቶሲንተሲስ መካከል ያለው ግንኙነት በአንድ ቁጥቋጦ ብቻ የተወሰነ ሳይሆን በልዩ ልዩ ስፍራ በሚበቅሉ በብዙ ዓይነት ዕፅዋት ላይ የሚታይ መሆኑን ገለጡ።

ከዚህ ትንሽ ከምትመስል ሥራ አንድ ታላቅ ነገር እናስተውላለን። ተክል የሚያድገው በአየር ውስጥ ባለው ካርቦን ብዛት ብቻ አይደለም። ናይትሮጅኑ፣ ውሃውና ብርሃኑ አብረው ካልተሟሉለት ካርቦኑ በደጃፉ ሞልቶ ሳለ ሊጠቀምበት አይችልም።

፫. ከቅጠል ወደ ምድር

አሁን አስቸጋሪው ጥያቄ ይመጣል። የአንድን ቁጥቋጦ ቅጠል በመሣሪያ መለካት ይቻላል፤ የዓለምን ቅጠል ሁሉ ግን ማን ሊለካው ይችላል? ብዙ ተመራማሪዎች በዚህ ደረጃ ላይ ከሁለት አንዱን ይመርጣሉ። ወይም ከቅጠሉ ጋር ይቀራሉ፤ ወይም ቅጠሉን ትተው ምድርን በጥቅሉ ይመለከታሉ። ፊልድ ግን ሁለቱን የሚያገናኝ ድልድይ ፈለጉ፤ ድልድዩም ከዚያው ከቅጠሉ ጥናት ተገኘ።

ክርክራቸው እንዲህ ነው። ተክል ሊመግበው የማይችለውን ቅጠል አይሸከምም። አፈሩ ቢደኸይ ወይም ዝናቡ ቢያጥር፣ ብዙ ቅጠል ይዞ እያንዳንዱን በደካማ ሁኔታ ከማኖር ይልቅ የቅጠሉን ብዛት ይቀንሳል። እንዲህ ከሆነ በአንድ ስፍራ ያለው ቅጠል በዓመት ውስጥ የሚቀበለው የብርሃን መጠን የአፈሩን ድህነትና የዝናቡን ማነስ አስቀድሞ በውስጡ ይዟል ማለት ነው። ብርሃን ምን ያህል እንደ ተወሰደ ደግሞ ከሰማይ ሆኖ ማየት ይቻላል፤ ሳተላይት ከምድር የሚንጸባረቀውን ብርሃን ለክቶ የአገሩን አረንጓዴነት ያስታውቃልና። ስለዚህ አረንጓዴነቱን ማንበብ ተክሉ ራሱ የጻፈውን የሒሳብ መዝገብ እንደ ማንበብ ይቆጠራል።

በዚህ አሳብ ላይ ተመሥርተው በ1993 ፊልድና ባልደረቦቻቸው ካሳ ተብሎ የሚጠራውን የስሌት ሞዴል አወጡ። ሞዴሉ የሳተላይቱን ልኬት፣ የአየሩን ሙቀት፣ ዝናቡንና አፈሩን አንድ ላይ አቀናጅቶ ዕፅዋት የሚያስገቡትንና ከአፈር ተመልሶ የሚወጣውን ካርቦን ያሰላል። በ1998 ደግሞ ማይክል ቤሬንፌልድ፣ ጄምስ ራንደርሰንና ፖል ፋልኮውስኪ ከተባሉት ሊቃውንት ጋር ሆነው የየብሱንና የባሕሩን ሒሳብ በአንድ ዓይነት ዘዴ ደመሩ። ድምሩም የዓለም ዕፅዋት የተጣራ ምርት በዓመት 104.9 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ያህል መሆኑን አሳየ። ከዚህ ውስጥ 56.4 ቢሊዮኑ የየብስ፣ 48.5 ቢሊዮኑ የባሕር ነው።

እዚህ ላይ አንድ አስደናቂ ነገር አለ። በባሕር ውስጥ ካርቦን የሚይዙት ደቂቅ ሕይወቶች ክብደታቸው ከዓለም ዕፅዋት ጠቅላላ ክብደት ከመቶ 0.2 እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ምርታቸው ግን ወደ እኩሌታው ይጠጋል። ምክንያቱ እድሜያቸው አጭር መሆኑ ነው። በፍጥነት ይወለዳሉ፣ በፍጥነትም ያልፋሉ። ብዙ ማምረትና ብዙ ማከማቸት አንድ እንዳይደሉ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ሰዎች ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅ ዘይትና ከጋዝ በዓመት የሚለቁት ካርቦን በአሁኑ ጊዜ 10 ቢሊዮን ቶን ያህል ነው። አንድ አንባቢ «ዕፅዋት ከ100 ቢሊዮን በላይ የሚያመርቱ ከሆነ ይህ 10 ምን ይጎዳል?» ሊል ይችላል። መልሱ ቀደም ሲል በነጋዴው ምሳሌ ተሰጥቷል። ከዚያ ታላቅ ቁጥር ማለት ይቻላል ሁሉም በመበስበስና በመቃጠል ወደ ነበረበት ይመለሳል። የሰው ልጅ ከሚለቀው ካርቦን ውስጥ የየብስ ዕፅዋትና አፈር ይዘው የሚያስቀሩት ከሦስት እጅ አንዱን ያህል ነው፤ ባሕር ደግሞ ከአራት እጅ አንዱን ያህል ይወስዳል። የቀረው፣ ወደ እኩሌታው የሚጠጋው፣ በአየር ውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ የተማሪዎቹ አሳብ ከሦስት አንድ እጅ እውነት አለው ብንል አንሳሳትም።

፬. የጃስፐር ሪጅ መደቦች

የቀረው ጥያቄ ይህ አንድ እጅ ወደ ፊት ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? የሚለው ነው። የተቃጠለ አየር ሲበዛ ተክል ይበልጥ ይጠግባል የሚሉ ነበሩ፤ በዝግ ቤት ውስጥ በተንከባከቡት ተክል ላይ ሲሞከርም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ይታያል። ነገር ግን በሜዳ ያለ ሣር ካርቦን ብቻውን አይመጣለትም። ሙቀቱ፣ ዝናቡና ከጢስ ጋር የሚወርደው ናይትሮጅን አብረው ይለወጣሉ።

ስለዚህ ፊልድና ባልደረቦቻቸው በስታንፎርድ አቅራቢያ ጃስፐር ሪጅ በተባለው ጥብቅ ስፍራ በሣር ሜዳ ላይ በ1998 አንድ ሙከራ ጀመሩ። በሜዳው ላይ ከሚበቅሉት ዋና ዋና ሣሮች መካከል የሲናር ዘመድ የሆነው የዱር አጃ ይገኛል፤ በኛ ገበሬ ገብስ መካከል የሚበቅለውን ሲናር ያየ ሰው ሣሩን በቀላሉ ያስበዋል። ሣሩ በክረምት ዝናብ በቅሎ በበጋ መግቢያ የሚደርቅ የአንድ ዓመት ተክል ነው።

ተመራማሪዎቹ ስፋታቸው ሁለት ሜትር የሆነ 32 ክብ መደቦችን ለይተው እያንዳንዱን በአራት ከፈሉት፤ በጠቅላላው 128 ክፍል ሆነ። በአንዳንዶቹ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነፉ። በአንዳንዶቹ ላይ የሙቀት መብራት ሰቀሉ። ለአንዳንዶቹ ውሃ፣ ለአንዳንዶቹ ናይትሮጅን ጨመሩ። አራቱ ነገሮች ሲጣመሩ 16 ዓይነት አኳኋን ይገኛል፤ እያንዳንዱም አኳኋን 8 ጊዜ ተደገመ። ይህ ሁሉ ድካም የአንዱን ውጤት ከሌላው ለመለየት ነበር።

በሦስተኛው ዓመት የተገኘውና በ2002 የታተመው ውጤት ብዙዎችን አስደነቀ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻውን ሲጨመር ሣሩ አደገ። ነገር ግን ከሙቀት፣ ከውሃና ከናይትሮጅን ጋር ሲደባለቅ፣ የእነዚያን ጥቅም ይቀንሰው ጀመር፤ ሣሩ ለሥሩ የሚሰጠው ድርሻ አነሰና። ሁለትና ሁለት ሲደመር አራት አልሆነም ማለት ነው። በ2003 በታተመ ሌላ ጽሑፍ ደግሞ የሞቀው መደብ አፈር በጸደይ ከሌላው ይልቅ ርጥብ ሆኖ መገኘቱ ተገለጠ። ሙቀት አፈርን ያደርቃል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይህን አያምንም። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው፤ ሣሩ በሙቀቱ ቶሎ ደርሶ ቶሎ ስለ ደረቀ ከአፈር ውሃ መሳቡን አቆመ።

ሙከራው 17 ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ውጤቱ ተጠቃልሎ በ2016 ታተመ። የሣሩ ምርት ሙቀትም ዝናብም ልከኛ በሆነበት ስፍራ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ወዲያና ወዲህ ሲሄዱ ይወርዳል። ካርቦን ዳይኦክሳይድና ናይትሮጅን ከፍታውን ያሳድጉታል፤ ግን ከፍታው ወደ ቀዝቃዛው በኩል ይሸሻል። ምድር የምትሄደው ደግሞ ወደ ሞቃቱ በኩል ነው። በየዓመቱ ያለው ልዩነትም ታላቅ ስለ ነበረ፣ ሙከራው በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ቢቆም ኖሮ ይህ መልክ ባልታየ ነበር።

፭. ከሣር ወደ እንጀራ፣ ከሜዳ ወደ ጉባኤ

ይህ ነገር የሣር ብቻ ሆኖ አይቀርም። ፊልድ ከዴቪድ ሎቤል ጋር በ2007 ባሳተሙት ጥናት ከ1981 እስከ 2002 የደረሰው ሙቀት በስንዴ፣ በበቆሎና በገብስ ላይ ያመጣውን ጉዳት አሰሉ። በ2002 ኪሳራው በዓመት 40 ሚሊዮን ቶን ያህል እህል ደርሶ ነበር። የምርት ዘዴ ስለ ተሻሻለ ጠቅላላው ምርት ባይወርድም፣ ሙቀቱ ባይኖር ሊገኝ ይችል የነበረው እህል ጎድሏል።

ለኛ አገር አንባቢ አንድ ነገር መጨመር ይጠቅማል። ስንዴና ገብስ ካርቦንን የሚይዙት በአንድ ዓይነት መንገድ ሲሆን፣ ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላ በሌላ መንገድ ይይዙታል። እነዚህ ሦስቱ ካርቦኑን በቅጠላቸው ውስጥ አስቀድመው የሚያከማቹበት ዘዴ ስላላቸው፣ በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ቢጨመርላቸው ከስንዴና ከገብስ ያነሰ ጥቅም ያገኛሉ። እንግዲህ የተቃጠለው አየር ሰብላችንን ያፋፋልናል ብሎ ተስፋ የሚያደርግ ሰው ተስፋው በጤፍ ማሳ ላይ የሳሳ መሆኑን ሊያውቅ ይገባዋል።

በዚያው በ2007 ፊልድ ከማይክል ራውፓክና ከሌሎች ጋር ሆነው የጢሱን እድገት መረመሩ። በ1990ዎቹ ዓመታት በዓለም የሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዓመት ከመቶ 1.1 እጅ ያድግ ነበር፤ ከ2000 እስከ 2004 ግን ከመቶ ከ3 እጅ በላይ አደገ። ዕፅዋት በናይትሮጅንና በውሃ ታስረው ቀስ ብለው ሲሄዱ የሰው ጢስ ሮጦ ቀደማቸው።

ፊልድ በ2002 የካርኔጊ ተቋም የምድር አቀፍ ኤኮሎጂ ክፍል ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነው እስከ 2016 መሩት። ከ2008 እስከ 2015 የአየር ንብረት ለውጥን የሚመረምረው የመንግሥታት ጉባኤ ሁለተኛ የሥራ ቡድን ከአርጀንቲናዊው ከቪሴንቴ ባሮስ ጋር በጋራ ሊቀ መንበርነት መርተዋል። ስለ ድርቅ፣ ስለ ጎርፍና ስለ ብርቱ ሙቀት የተዘጋጀው ልዩ መግለጫ ማጠቃለያው የጸደቀው በ2011 በካምፓላ ከተማ ነበር። በ2014 በዮኮሃማ የጸደቀው ትልቁ መግለጫ ደግሞ የአየር ለውጥ በሰብል ላይ ያመጣው ጉዳት ካመጣው ጥቅም ይልቅ በብዙ ስፍራ መታየቱን አስታወቀ። በ2015 ለጉባኤው ጠቅላላ ሊቀ መንበርነት ቢወዳደሩም የተመረጡት የደቡብ ኮሪያው ሆሰንግ ሊ ናቸው። በ2022 ግን ስለ ዕፅዋት ምርት ስሌታቸውና ስለ አየር ንብረት ሥራቸው የጃፓን ሽልማት ተሰጣቸው።

፮. ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ ምን እናገኛለን? ዕፅዋት ለሰው ልጅ የሚያደርጉት እርዳታ እውነተኛና ታላቅ ነው። ከምንለቀው ካርቦን ከሦስት እጅ አንዱን ያህል ባይወስዱልን ኖሮ ምድር ከአሁኑ ይልቅ በሞቀች ነበር። ነገር ግን እርዳታው ቀነ ቀጠሮ እንጂ የዕዳ ስረዛ አይደለም። ደን ሲቆረጥ፣ ሲቃጠልና አፈር ሲታጠብ የተቀመጠው ካርቦን ተመልሶ ይወጣል፤ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ተቀባዩ ራሱ ይደክማል። ስለዚህ ዛፍ መትከልና ያለውን ደን መጠበቅ ተገቢ ሆኖ ሳለ፣ ጢሱን መቀነስን ሊተካው አይችልም።

ለኛ ለተማሪዎች ደግሞ ከውጤቱ ይልቅ መንገዱ ያስተምረናል። ፊልድ ምድርን ለመመዘን የተነሡት ቅጠሉን ከመዘኑ በኋላ ነው፤ ምድርንም ሲመዝኑ የቅጠሉን ሕግ አልተዉትም። እንደዚሁም 128 የሣር ክፍሎችን 17 ዓመት መጠበቅ ከአንድ ተማሪ የትምህርት ዘመን በላይ ነው። አንዱ ጀምሮ ሄዷል፣ ሌላው ተቀብሎ ቀጥሏል። በአገራችንም በአንድ የግጦሽ መሬት ወይም በአንድ የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ አንድ መደብ ለይቶ፣ ቅጠሉን፣ አፈሩንና ዝናቡን በየዓመቱ እየመዘኑ መዝገቡን ለሚከተለው ተማሪ ማስረከብ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው። የሚያስፈልገው ሚዛን፣ ደብተርና መዝገቡን የማያቋርጥ ተረካቢ ነው።

በጽሑፋችን የተሳሳተ ነገር የተገኘ እንደ ሆነ አንባቢያን እንዲያርሙን፣ በዚህም ጉዳይ የጀመሩት ልኬት ያላቸው ተማሪዎች ውጤታቸውን በዚሁ መጽሔት እንዲያቀርቡ በትሕትና እንለምናለን።